ከሀዋሳ ያነሳነውን የአንድሮሜዳ ፎቶ በነፃ ሶፍትዌር ማጠብ፣ ከሀ እስከ ፐ

ከሀዋሳ ሆኖ እንደ አንድሮሜዳ ያለ ጋላክሲ ማንሳት ይቻላል ወይ ሚለውን ክርክር እንዝለለው፣ ይቻላል። ብዙ ሰው ሚሸነፈው ማንሳቱ ላይ ሳይሆን ቤት ገብቶ ላፕቶፕ ሲከፍት ነው። መቶ ምናምን ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ይከፍታል፣ ቡናማ ሰማይ መሀል ጭጋግ መሳይ ነገር ያያል፣ ከዛ ኮንትራስቱን እስከጥግ ይጎትተዋል፣ የባሰ ይበላሻል፣ በቃ ካሜራዬ አይረባም ብሎ ይተወዋል። ካሜራው ምንም አላጠፋም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ይፀዳል፣ ከዛ ነው ሚጎላው። ይሄን ገልብጦ የሰራ ሰው የጋላክሲዋን ብርሀን ብቻ ሳይሆን የከተማውን መብራት፣ የሌንሱን አቧራና የሴንሰሩን ኖይዝ (ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ) ሁሉ አንድ ላይ ያጎላዋል፣ ከዛ በኋላ ማላቀቅ ደግሞ ጣጣ ነው።

ሶፍትዌሮቹ በሙሉ ነፃ ናቸው፣ ክራክ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ዋናው ሲሪል ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል። ከሱ ጎን ግራክስፐርት፣ ስታርኔት እና ጊምፕ አውርዱ። ፒክስኢንሳይት ሚባል አለ፣ የገቡበት ሰዎች ሚምሉበት፣ ግን ዋጋው በዩሮ ስለሆነ ለጊዜው ይቆየን። ዲፕስካይስታከርም ለስታክ፣ ማለትም ብዙ ፎቶ ደራርቦ አንድ ለማረግ፣ አሪፍ ነው፣ ግን ከስታኩ በኋላ ላለው ስራ ብዙ አያግዝም፣ ስለዚ ሁሉንም እዛው ሲሪል ላይ ብትጨርሱት ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለማንሳቱ ባጭሩ

ሲነሳ የተበላሸ ነገር ሲታጠብ አይድንም፣ ስለዚ ሁለት ሶስት ነገር ልበል። ፎርማቱ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን፣ በጄፔግ ካነሳችሁ ከታች ያለው አብዛኛው ነገር አይሰራም። እንደ ካኖን 600ዲ ወይ 700ዲ ያለ አሮጌ ካሜራ ከ135 ሚሜ ሌንስ ጋር ለአንድሮሜዳ ከበቂ በላይ ነው፣ ምክንያቱም እሷ ሰማይ ላይ ያላት ርዝመት 3 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ይሄ ማለት ጨረቃን ስድስት ጊዜ ጎን ለጎን እንደመደርደር ነው፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ ቢሰጣችሁ እንደውም ሙሉዋን አታስገቡም። ትራከር (ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል ሚያዞር መሳሪያ) ከሌላችሁ፣ ኮከቦቹ ሳይሰመሩ አንዱን ፎቶ ስንት ሰከንድ ማንሳት እንደምትችሉ ለማወቅ 500ን በሌንሱ ርዝመት አካፍሉ፣ ሴንሰሩ ትንሹ አይነት ከሆነ የሌንሱን ርዝመት መጀመሪያ በ1.6 አባዙት፣ ለ135 ሚሜ 2 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን 600 ጊዜ ካነሳችሁ 20 ደቂቃ ብርሀን ሰበሰባችሁ ማለት ነው። ትራከር ካላችሁ አንዱ ፍሬም (አንዱ ፎቶ) 60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600 ጥሩ መነሻ ነው። እኛ ጋ ትራከርን ማስተካከል ፈተና ነው፣ ሚስተካከልበት የሰሜን ኮከብ ከሀዋሳ ሲታይ ከአድማስ ከፍ ያለው 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ አንድ ዛፍ ወይ አንድ ፎቅ ይጋርደዋል፣ ስለዚ ወደ ሰሜን ፊቱ የተከፈተ ቦታ ፈልጉ።

ቦታና ሰዓት ኋላ ላይ የማጠቡን ስራ ግማሽ ያቀልላችኋል። ከተማው በሐይቁ ምስራቅ ዳርቻ ነው ያለው፣ ፍቅር ሐይቅ በኩል ብትቆሙ መብራቱ ከጀርባችሁ፣ ጨለማው ፊታችሁ ውሀው ላይ ይሆናል። ህዳር አጋማሽ ላይ አንድሮሜዳ ማታ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ታልፋለች፣ ከዛ እስከ 6 ሰዓት ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፣ ፎቶ ምትነሳውም ያኔ ነው። ቀደም ብላችሁ ብትጀምሩ ከተማው ያለበትን ሰማይ ነው ምታነሱት። በስተሰሜን ዝቅ ብሎ ደሞ የሻሸመኔ ብርሀን አለ። ከሐይቁ ሚነሳው እርጥበት ሌንስ ላይ ጤዛ ይሰራል፣ በየግማሽ ሰዓቱ በባትሪ እያያችሁ። መብራት የጠፋ ቀን ግን ሰው ሁሉ ሲያማርር እናንተ ካሜራ ይዛችሁ ሩጡ።

በነገራችን ላይ አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ስታልፍ በደቡብ በኩል ኤንጂሲ 253 ሚባለው ጋላክሲ በደቂቃዎች ልዩነት በዛው ከፍታ፣ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ያልፋል። አውሮፓ ያሉት እሱን አድማስ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ሚያገኙት፣ እኛ ካሜራውን ዞር ማረግ ብቻ ነው። ከታች ያለው አሰራር ለሱም ያው ነው።

ዳርክ፣ ፍላት፣ ባያስ

ይሄን ክፍል ሰው ሁሉ መዝለል ይወዳል። አትዝለሉት።

ዳርክ ማለት የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ በዛው ሰከንድ፣ በዛው አይኤስኦ፣ በዛው ሙቀት ምታነሱት ጥቁር ፎቶ ነው፣ ሴንሰሩ ራሱ ሚፈጥረውን የጋለ ፒክስል ለመቀነስ ነው። ሙቀቱ ላይ ነው ጨዋታው፣ ሌሊት በብርድ ያነሳችሁትን በነጋታው ቀን ሳሎን ውስጥ በተነሳ ዳርክ ማፅዳት አይሆንም፣ ስለዚ እቃ ከመጠቅለላችሁ በፊት እዛው ደጅ 20 ወይ 30 አንሱ፣ እስከዛ ሻይ ይጠጣል። ባያስ ያው ክዳኑ እንደተገጠመ ካሜራው በቻለው ፈጣን ፍጥነት ሚነሳ ነው፣ 50 በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ፍላት ደሞ የሌንሱን የጠርዝ ጨለማና አቧራ ሚያስተካክለው ነው። ነጭ ቲሸርት በሌንሱ አፍ ላይ ወጥራችሁ፣ ፎከሱንና የሌንሱን ቀዳዳ ሳትነኩ፣ ወደ ጠዋት ሰማይ ወይ ወደ ነጭ ላፕቶፕ ስክሪን አንሱ፣ ሂስቶግራሙ (ካሜራው ላይ የብርሀኑን መጠን ሚያሳየው ግራፍ) መሀል አካባቢ ይረፍ። ለከተማ ሰማይ ከሶስቱ በጣም ወሳኙ እሱ ነው፣ ፍላት ከሌለ የሌንሱ የጠርዝ ጨለማና የከተማው መብራት ይደባለቁና ኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲሪልም አያውቀው እናንተም አታውቁት።

ስታክ ማረግ

አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ስሙ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ይሁን፣ በአማርኛ ወይ ክፍተት ባለው ስም ሶፍትዌሮቹ አንዳንዴ ይደናበራሉ። ውስጡ አራት ፎልደር ይሰራል፣ ላይትስ፣ ዳርክስ፣ ፍላትስ፣ ባያስስ፣ በእንግሊዝኛ በትንንሹ ፊደል፣ ሁሉም መጨረሻቸው ላይ የብዙ ቁጥሯ ኤስ አለች፣ እሷ ከተረሳች ስክሪፕቱ ፎልደሩን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ፎቶዎቹን በየቦታቸው ክተቱ። ከዛ ሲሪል ላይ ከላይ ያለችውን የቤት ምልክት ነክታችሁ ዋናውን ፎልደር ምረጡ፣ ስክሪፕትስ ሚለው ውስጥ ኦኤስሲ ፕሪፕሮሰሲንግ ሚለውን ተጫኑ፣ በቃ ራሱ ይሄዳል፣ ዳርኩን ይቀንሳል፣ በፍላቱ ያካፍላል፣ ቀለሙን ያወጣል፣ ኮከቦቹን በኮከቦቹ ላይ ያስተካክላል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፊትስ (የአስትሮኖሚ ፎቶ ፎርማት) ፋይል ይሰጣችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ዲስኩን እዩ። ባለ 18 ሜጋፒክስል አንድ ፎቶ ሲሪል ውስጥ በ32 ቢት ሲከፈት 200 ሜጋባይት ያልፋል፣ እሱ ደሞ ሁለት ጊዜ ነው ሚፃፈው፣ ስለዚ 100 ፍሬም ከ40 ጊጋ በላይ ይበላል። እነ ባለ 600ዎቹ በየመቶው ከፋፍላችሁ ስሩት፣ ከዛ ውጤቶቹን እንደገና ስታክ አርጉ። ከታች ያለውን መጥፎ ፍሬም የመጣል ስራ ስትጨርሱ ፕሮሰስ ሚለውን ፎልደር ማጥፋት ትችላላችሁ፣ ከዛ በፊት ግን አትንኩት። ላፕቶፑም ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ መሀል ላይ መብራት ሄዶ ባትሪ ካለቀ ከመጀመሪያ ነው።

ለምንድነው ይሄ ሁሉ ፎቶ ሚያስፈልገው ላለ ሰው፣ የጋላክሲዋ ብርሀን ሁሉም ፍሬም ላይ አንድ ቦታ ነው፣ ኖይዙ ግን በየፍሬሙ ሌላ ሌላ ቦታ ነው፣ አማካይ ሲወሰድ ኖይዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጥራቱ ሚጨምረው ግን በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው፣ 100 ፍሬም ከ1 ፍሬም 10 እጥፍ ይሻላል፣ ያንን እንደገና እጥፍ ለማረግ 400 ነው ሚያስፈልጋችሁ። ስለዚ ከአንድ ምሽት የተነሳውን አስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ወር ጨረቃ በሌለችበት የተነሳ ይጨመርበታል።

ስክሪፕቱ መጥፎ ፍሬም ራሱ መርጦ አይጥልም። ዳመና የገባበት፣ ሰው ትራይፖዱን የነካበት ይኖራል። ሲኩዌንስ ሚለው ታብ ላይ ሄዳችሁ የተስተካከሉትን ፍሬሞች ክፈቱ፣ ፕሎት ሚለው ጋ የእያንዳንዱ ፍሬም የኮከብ ስፋት በግራፍ ይታያል፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደላይ የወጣውን ነጥብ ምልክቱን አንሱበት። ከዛ ስታኪንግ ሚለው ታብ ላይ አቬሬጅ ዊዝ ሪጀክሽን፣ ዊንሶራይዝድ ሲግማ ክሊፒንግ፣ ሁለቱም ሲግማ 3 ላይ፣ አርጋችሁ እንደገና ስታክ አርጉ። ሳተላይት ወይ አውሮፕላን መስመር ያሰመረበትን ግን እንዳትጥሉ፣ መስመሩ አንድ ፍሬም ላይ ብቻ ስላለ ይሄ ሲግማ ክሊፒንግ ሚባለው ራሱ ነቅሎ ያወጣዋል። ያን ሁሉ ደቂቃ ለአንድ ጭረት ብሎ መጣል ብክነት ነው።

ምስሉ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ

አትደንግጡ፣ ጥቁር ነው መሆን ያለበት። ዳታው ሊኒየር ነው፣ ማለትም ገና አልጎላም፣ ሁሉም ነገር ሂስቶግራሙ ግራ ጥግ ላይ ተጣቦ ነው ያለው። ከታች ካለው ምርጫ አውቶስትሬች ሚለውን ስታረጉት ጋላክሲዋ ብቅ ትላለች፣ ይሄ ለአይናችሁ ብቻ ነው፣ ፋይሉ አልተነካም። አረንጓዴ ወይ ብርቱካን ሆኖ ከታያችሁ የሰንሰለቷን ምልክት ነክታችሁ ቻናሎቹን አላቁ። ከዚ በኋላ ያሉትን ስራዎች፣ ስትሬች (ማጉላቱ) ጋ እስከምንደርስ ድረስ፣ በዚ እይታ ሆናችሁ ጥቁሩ ዳታ ላይ ነው ምትሰሩት።

መጀመሪያ ክሮፕ። ፍሬሞቹ በትንሹ ስለሚንሸራተቱ ጠርዙ ላይ የደበዘዘ ወይ የጠቆረ ክፈፍ አለ፣ እሱን ሳትቆርጡ ወደ ቀጣዩ ከሄዳችሁ ስሌቱን ያሳስታል።

የከተማውን መብራት መንቀል

ከሀዋሳ ለሚያነሳ ሰው ሙሉ ስራው እዚ ነው። ሐይቅ ዳር ሆናችሁ እንኳን የፎቶው አንዱ ጎን ከሌላው ይደምቃል፣ ይሄ ነው ግራዲየንት ሚባለው። ፊልተር ገዝቼ ልገላገል እንዳትሉ፣ የመብራት ፊልተሮች ሚረዱት ኔቡላ (ሚያበራ የጋዝ ደመና) ላይ ነው፣ ኔቡላ በተወሰኑ ቀለማት ብቻ ስለሚያበራ ሌላውን ቆርጦ መጣል ይቻላል፣ የጋላክሲ ብርሀን ግን የቢሊዮን ኮከቦች ብርሀን ነው፣ ሁሉም ቀለም ውስጥ አለ፣ ፊልተሩ መብራቱን ሲቆርጥ እሷንም አብሮ ይቆርጣታል።

ሲሪል ውስጥ ኢሜጅ ፕሮሰሲንግ፣ ከዛ ባክግራውንድ ኤክስትራክሽን። አርቢኤፍ ሚለውን ምረጡ፣ ሳምፕሎች አስቀምጥ ስትሉት ሰማዩ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ይበትናል፣ እነዛ ካሬዎች "እዚ ጋ ያለው ባዶ ሰማይ ነው" ብላችሁ ምትነግሩት ምስክሮች ናቸው። ስለዚ ጋላክሲዋ ላይ ያረፈ ካሬ የሀሰት ምስክር ነው፣ በቀኝ ክሊክ አጥፉት። አንድሮሜዳ ደሞ በአይን ከምታዩት በላይ ሰፊ ናት፣ ጠርዟ ቀስ እያለ ነው ሚጠፋው፣ አለቀች ካላችሁበት ቦታም ወጣ ብላችሁ ያሉትን ካሬዎች አጥፉ። ከጎኗ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጋላክሲዎች፣ ኤም 32 እና ኤም 110፣ እነሱም ላይ አይረፍ። ትልልቅ ኮከቦች ላይ ያረፉትንም እንደዛው። ከዛ ኮምፒዩት፣ ሰብትራክት፣ አፕላይ።

ወይ ደግሞ ፋይሉን ግራክስፐርት ውስጥ ክፈቱትና በኤአይ ይስራው፣ ካሬ ማጥፋት የለም፣ ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ሲከፈት ሞዴሉን በኢንተርኔት ያወርዳል። ግን አንድ ነገር ሁሌ ቼክ አርጉ። የነቀለውን ባክግራውንድ ለብቻው ያሳያችኋል፣ እዛ ምስል ላይ የጋላክሲዋ ቅርፅ፣ ሞላላ ነገር፣ በደብዛዛው ከታየ ከመብራቱ ጋር እሷንም በልቷታል ማለት ነው፣ ስሙዚንጉን ጨምራችሁ ድገሙት። ትክክለኛ ባክግራውንድ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ሚቀየር ቀለም ብቻ ነው፣ ምንም ቅርፅ የለውም።

ቀለም

እዚጋ በአይን ግምት መስራት ክልክል ነው። ቱልስ ውስጥ ፕሌት ሶልቨር አለ፣ ስሟን ኤም 31 ብላችሁ ፃፉ፣ የሌንሱን ርዝመት 135፣ የፒክስሉን መጠን ለ600ዲና 700ዲ 4.3 ማይክሮን ስጡት፣ ኮከቦቹን ከካታሎግ ጋር አመሳክሮ ፎቶው የሰማዩ የትኛው ቦታ እንደሆነ ያገኘዋል። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከዛ ፎቶሜትሪክ ከለር ካሊብሬሽን፣ ይሄ ደሞ የየኮከቡን እውነተኛ ቀለም ካታሎግ ላይ አይቶ የናንተን ያስተካክላል። ጥሩ ከሄደ የጋላክሲዋ እምብርት ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ እዛ ያሉት ያረጁ ኮከቦች ስለሆኑ፣ ክንፎቿ ደግሞ ወጣትና ትኩስ ኮከቦች ስላሉባቸው ወደ ሰማያዊ። ግራዲየንቱ ሳይነቀል ይሄን የሰራ ሰው የመብራቱን ቀለም እንደ ጋላክሲ ቀለም ነው ሚያስተካክለው። የቀረ አረንጓዴ ካለ ሪሙቭ ግሪን ኖይዝ አንዴ ብቻ።

ፕሌት ሶልቭ ሌላም ጥቅም አለው። በ2019 ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት ኮከብ አለ፣ ኤችዲ 16175፣ ስሙ ቡና ነው፣ ሚዞረው ፕላኔት ደሞ አቦል። እሱም እዛው አንድሮሜዳ የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው፣ ግን ከኤም 31 ራቅ ይላል፣ በ135 ሚሜ አንድ ፎቶ ውስጥ አይገቡም። ከቡና 3 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ግን በጎኗ ምትታይ ቀጭን ጋላክሲ አለች፣ ኤንጂሲ 891፣ እነሱ ሁለቱ በደንብ አንድ ፍሬም ይገባሉ። ቡና በባዶ አይን አይታይም፣ ፎቶው ላይ ግን ፏ ብሎ ይወጣል፣ የቱ እንደሆነ በኮኦርዲኔቱ ታገኙታላችሁ። ጋላክሲዋ በዚ ሌንስ ትንሽ ጭረት ናት፣ ትልቅ ነገር አትጠብቁ።

ስትሬች

አሁን ነው ማጉላት። ከዚ በፊት ኖይዝ ሪዳክሽን ማረግ ከፈለጋችሁ በትንሹ አርጉት፣ ግማሽ ኃይል ይበቃል፣ ሙሉ ካረጋችሁት ጋላክሲዋ ፕላስቲክ ትመስላለች። ከዛ አውቶስትሬቹን አጥፉና እይታውን ወደ ሊኒየር መልሱ፣ አለዚያ ሁለት ጊዜ የጎላ ነገር እያያችሁ ትሰራላችሁ።

ጄነራላይዝድ ሃይፐርቦሊክ ስትሬች ሚለውን ክፈቱ። ብዙ ማስተካከያ አለው ግን ሁለቱን ከያዛችሁ ይበቃል። ሲሜትሪ ፖይንት ሚለው የትኛው የብርሀን መጠን ላይ በደንብ ይጎላ ሚለውን ነው ሚወስነው፣ መጀመሪያ ላይ ሂስቶግራሙ ሚነሳበት ቦታ፣ ከጉብታው ግራ እግር አጠገብ አስቀምጡት። ስትሬች ፋክተር ደግሞ ምን ያህል ሚለው ነው። ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ አፕላይ፣ እንደገና ክፈቱ፣ እንደገና ትንሽ። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አትጎትቱ፣ እምብርቷ ነጭ ኳስ ሆና ትቀራለች፣ አንዴ ነጭ ከሆነ ደሞ ውስጡ የነበረው ዝርዝር የለም። ሃይላይት ፕሮቴክሽን ሚለውን ወደታች ስታወርዱት ደማቁን ቦታ ይጠብቅላችኋል። ሁለተኛውና ሶስተኛው ዙር ላይ ሲሜትሪ ፖይንቱን የጋላክሲዋ ክንፍ ወዳለበት ብርሀን ውሰዱት፣ ያኔ ጥቋቁሮቹ የአቧራ መስመሮች መለየት ይጀምራሉ።

ሰማዩን ጥቁር ካላረግን ሚሉ አሉ። አታርጉት። ጥቁሩን ነጥብ ወደ ቀኝ ገፍታችሁ ሂስቶግራሙን ስትቆርጡት ምትቆርጡት ስትለፉበት የነበረውን የጋላክሲዋን ጠርዝ ነው። ሰማዩ ጥቁር ግራጫ ይሁን፣ ከ255ቱ 25 አካባቢ።

ኮከቦቹ በዝተው ጋላክሲዋን ከሸፈኗት ስታርኔት ከሲሪል ጋር ይገናኛል፣ ኮከቦቹን ነቅሎ በሌላ ፋይል ያስቀምጥላችኋል፣ ስትሬች ከመደረጉ በፊት ከሆነ ምታስነሱት ፕሪ ስትሬች ሚለውን ምልክት አርጉ። ከዛ ጋላክሲዋን ለብቻ አጉልታችሁ ኮከቦቹን በትንሹ አጉልታችሁ ስታር ሪኮምፖዚሽን ላይ ታዋህዷቸዋላችሁ። ለመጀመሪያ ፎቶ አያስፈልግም።

ጊምፕ እና መላክ

ከሲሪል 16 ቢት ቲፍ አርጋችሁ አውጡና ጊምፕ ላይ ክፈቱት፣ ፊትሱንም እንዳታጠፉት። እዚ ሚቀረው ትንሽ ነገር ነው፣ ከርቭስ በጣም በስሱ፣ ሳቹሬሽን ትንሽ፣ ሻርፕ ማረግ ካማራችሁ ሌየር ማስክ ሰርታችሁ የአቧራ መስመሮቹ ላይ ብቻ፣ ሰማዩ ላይ ሻርፕ ማለት ኖይዝ መሳል ነው። ሲጨርሱ ወዲያው አይለጠፍም፣ አሳድራችሁ በነጋታው በስልክ ስክሪንም በላፕቶፕም እዩት፣ ማታ በደከመ አይን ሰማያዊ የመሰላችሁ ጠዋት ወይን ጠጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ደሞ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ክንፎቿን ይበላቸዋል፣ እንደ ፋይል ላኩት።